ወንበር የለቀቁ ሁለት ሰዎች

ሥራዬ መጠርጠር ነው። ዳውንታውን ኦክላንድ አንድ የቢሮ ሕንፃ መግቢያ ላይ፣ ከዴስክ ኋላ ተቀምጬ የሚገባውንም የሚወጣውንም አያለሁ። ክራቫት ያሰረውን «ባጅህን አሳየኝ» እለዋለሁ፤ ፒዛ የያዘውን «ለስንተኛ ፎቅ ነው?» እለዋለሁ። ፈገግ ያለልኝን ደግሞ ሁለቴ አየዋለሁ። ልጄ «ማሚ፣ ቤት ስትገቢ እንኳ ዩኒፎርሙን አውልቂው» ትለኛለች። ዩኒፎርሙንስ አወልቃለሁ፣ ጠባዩን የት አውልቄ ልጣለው? ደግሞ ከሥራው በፊትም እንዲሁ ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት መርካቶ ነው፤ እዚያ ሳይጠረጥር ያደገ ሰው ካለ በባዶ እግሩ ቤቱ እየገባ ነው ያደገው።

ስለዚህ ልጄ የሮማዊውን ታሪክ ስትነግረኝ አላመንኳትም። ሳን ሆዜ ኮሌጅ ነው የምትማረው። የታሪክ ክላስ ወስዳ፣ ስለ አንድ የጥንት ሮም ሹም ክፍሉ ፊት ቆማ ልትናገር ነው። እሑድ እሑድ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ሳን ሆዜ ሳደርሳት መኪና ውስጥ እኔ ላይ ትለማመዳለች። የሰውዬውን ስም ደጋግማ ነግራኛለች፤ ምላሴ ላይ አልቆም አለ እንጂ። ስለዚህ ሮማዊው እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሮማዊው ከትልቅ ቤት የተወለደ፣ በአገሩ ትልቁን ሹመት ይዞ የሚያውቅ ሰው ነው። በኋላ ግን ከተማውን ትቶ፣ ከወንዝ ማዶ ባለች ትንሽ መሬት ላይ ያርሳል። አንድ ጊዜ የሮም ጦር ተራራ መሐል ተከበበና ከተማው ተሸበረ። ሹማምንቱ ተሰብስበው «ከእሱ በቀር የሚያወጣን የለም» ተባባሉና መልእክተኞች ላኩበት። ሰዎቹ እያረሰ አገኙት። ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልለው ለእሱ ለብቻው ሰጡት።

«ዲክቴተር አደረጉት» አለች ልጄ።

«ዲክቴተር እንኳ እኔ አውቃለሁ» አልኳት። «በሱ ሥር ነው ያደግኩት።»

«ኖ፣ ማሚ፣ ይሄኛው ዲፈረንት ነው። ጦሩን አዳነ፤ ጠላቶቹን እንዲዋረዱ ብሎ በተተከሉ ጦሮች ሥር አጎንብሰው እንዲያልፉ አደረገ። ከዛ ጊዜው ሳያልቅ ለቀቀ። ጀስት ላይክ ዛት። ወደ እርሻው ተመለሰ።»

«በፈቃዱ?»

«በፈቃዱ።»

«ውሸት ነው» አልኳት።

«ማሚ! ሁለት ሺህ ምናምን ዓመት ሙሉ ሰው የሚያደንቀው ሰውዬ ነው እኮ።»

«ሁለት ሺህ ዓመት ከተደነቀማ የዋሸው አንድ ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው። ማን ጻፈው? የገዛ ዘመዶቹ ይሆናሉ። በይ ሲለቅ ማን ቆሞ ነበር? በር ላይ ጦር የያዘ ነበር? ወይስ ወንዙን ተሻግሮ፣ እስኪለምኑት እየጠበቀ ነበር?»

ልጄ መስኮቱን ከፈተችና ወደ ውጭ ታይ ጀመር። እሷ አላወቀችም እንጂ እኔን ያንገበገበኝ ሮማዊው አልነበረም። የኛው ጋሼ ነበሩ።

ጋሼ የእድራችን ሊቀመንበር ነበሩ። እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ ሌላ ሊቀመንበር አናውቅም። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ እኔ እንኳን ሬሳ ላስነሣ፣ ራሴን ማንሣት አቅቶኝ ነበር። ጋሼ ናቸው ከሆስፒታሉ የተነጋገሩት፣ ጋሼ ናቸው መቃብሩን የመረጡት፣ ጋሼ ናቸው ልጄን «ነይ አንቺ፣ አባትሽ እንዳንቺ ያለ ሰው ትቶ ነው የሄደው» ያሏት። ስለዚህ ጠላኋቸው እንዳትሉኝ። መውደድ ሌላ፣ ማመን ሌላ።

አንድ ቅዳሜ፣ ኦክላንድ በምንከራየው አዳራሽ ወርኃዊው ስብሰባ ሊያልቅ ሲል ጋሼ ተነሡ። የእድሩን ማኅተም ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ምረጡ። እኔ በቃኝ» አሉ።

እኛ ዘንድ እምቢታ የጨዋታው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ምግብ ሲቀርብልን እንኳ «አሁን በልቼ መጣሁ» ነው የምንለው፤ «በሞቴ» ተብለን ነው የምንቆርሰው። ሹመት ሲሆንማ! የተመረጠ ሰው «እኔ ለዚህ አልበቃም» ይላል፤ እኛ «ኧረ ይበቃሉ» እንላለን። «የሚሻል አለ» ይላል፤ ብድግ እንላለን። ያን ጊዜ አቀርቅሮ «እንግዲህ ካላችሁ» ይላል። ጋሼ ራሳቸው በየምርጫው እንዲህ ሲሉ ኖረዋል። ስለዚህ አዳራሹ በሙሉ እንደ ደንቡ መለመን ጀመረ። ለመንን፣ ብድግ አልን፣ አንድ አባት ጉልበታቸው ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ጋሼ እያንዳንዳችንን ጨብጠው ወጡ። እኔ በመስኮት አየሁ፤ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሽማግሌ እስኪላክባቸው የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር። መኪናውን አስነሥተው ሄዱ!

ሁሉም «በልጃቸው አዝነው ነው» አለ። ጋሼ ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው። ያ ልጅ የኮምፒውተር ትምህርቱን አቋርጦ «መኪና ጥገና ነው የምወደው» ብሎ መጣ። ጋሼ በበዓል ቀን፣ እኛ ሁላችን ቁጭ ብለን ባለንበት፣ «እንዲህ ከሆንክ የኔ ልጅ አይደለህም» አሉት። ልጁ አንድ ቃል ሳይመልስ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ስልኩንም ቀየረ። አንድ ዓመት አለፈው። እናቱ፣ እትዬ፣ በየለቅሶ ቤቱ ከሌላው ሰው ይበልጥ የሚያለቅሱት ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። ታዲያ እኔ እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ ልጁ ከወጣ በኋላ ጋሼ ያን ዓመት ሙሉ ሲመሩን ነበር። ያኔ ያልለቀቁትን ዛሬ ምን አስለቀቃቸው? አልዋጥልኝ አለ። ነገር ሸተተኝ።

ዩኒየን ሲቲ ነው ቤታቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ይዤ «መንገዴ ላይ ስለሆነ ነው» ብዬ ገባሁ። መንገዴ ላይ አልነበረም። ጋሼ ከቤቱ ኋላ ጎመን ይኮተኩታሉ። ጎመን ብቻ? ቃሪያው፣ ጤናዳሙ፣ በሶብላው! ላብ በላብ ሆነዋል። «ምነው ጠፋሽ?» አሉኝ፤ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ልጄ ጠየቁኝ። ስለ እድሩ አንድም ነገር አልጠየቁም። ስንት ዓመት የመሩትን ነገር ሰው እንዴት አይጠይቅም? የማይጠይቅ ሰው ከሌላ ቦታ እየሰማ ነው።

ደግሞ ስልካቸው! አጥሩ ላይ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው አስቀምጠውታል። ኩትኳቶውን እየተዉ ያዩታል። አንዴ ሲጮህ መኮትኮቻውን ወርውረው ሮጡ፤ ማስታወቂያ ነበር መሰለኝ ዘጉት። እትዬን ወጥ ቤት ገብቼ፣ ሰሐን የማቀብል መስዬ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ እንዴት ናቸው? ይወጣሉ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣል» አሉኝ እትዬ። «ሳን ሆዜ ነው መሰለኝ። እኔ አልጠይቀውም።»

ሳን ሆዜ! በቃ፣ ነገሩ ገጠመልኝ። የሳን ሆዜ አባሎቻችን ያን ሰሞን «ድንኳኑ ኦክላንድ፣ ወንበሩ ኦክላንድ፣ ድስቱ ኦክላንድ። እኛ የሰው አገር ሰዎች ነን?» እያሉ የራሳቸውን እድር ሊያቋቁሙ ሽር ጉድ ይላሉ። አንዱ የኛ ሰው ደግሞ ጋሼን ሳን ሆዜ ባቡር ጣቢያ ቆመው፣ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ሲያዩ አይቻቸዋለሁ ብሎ ነግሮኛል። «ሰላም ስላቸው እንኳ አላዩኝም» አለኝ። ይሄ ሰው መመልመል ካልሆነ ምንድን ነው? ጎመኑ ለታይታ ነው አልኩ። ማታ ለልጄ ደውዬ «ያንቺንም ሮማዊ የኔንም ጋሼ አንድ እናት ናት የወለደቻቸው» ብዬ ነገርኳት።

«ማሚ፣ ልጁ ጠፍቶበት ነው እኮ» አለችኝ።

«ጋሼ?»

«ኖ፣ ሮማዊው። ዛሬ ነው ያነበብኩት። አንድ ልጅ ነበረው፤ ትልቅ፣ ጉልበተኛ፣ ተናጋሪ። የድሀው ሰው ተወካዮች ሕግ ይውጣልን ሲሉ እየደበደበ የሚያባርር። አባትየውም የድሀው ደጋፊ አልነበረም፣ ባይ ዘ ዌይ። ከዛ ልጁን ከሰሱት፤ ሳይፈረድበት ከአገር ጠፋ። አባቱ ስለ እሱ ዋስትና ያለውን ሁሉ ሸጠ። ለዛ ነው ትንሽ እርሻ ላይ የነበረው።»

«አሃ!» አልኩ። «ይሄን መጀመሪያ ነበር የምትነግሪኝ! ትሕትና ነው ምናምን ስትይኝ የነበረው እንግዲህ ቤቱን ሸጦ ነው። ልጁስ ተመለሰ?»

«አይ ዶንት ኖው። መጽሐፉ ስለ ልጁ ዝም ይላል።»

እንዲህ ሲባል አንጀቴን በላኝ፤ ምን ላድርግ፣ እኔም እናት ነኝ። እሷ ቀጠለች፦ መልእክተኞቹ እርሻው ላይ ሲደርሱ ቶሎ ብለው «ሹመንሃል» አላሉትም። «ልብስህን ልበስና የምንልህን ስማ» ነው ያሉት። ሰውዬው ደነገጠ፤ «ደህና ነው? ምን ተፈጠረ?» ብሎ ጠየቀ፤ ሚስቱን ካባ አምጪልኝ አለ። ላቡን ጠርጎ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ካባውን ደርቦ ቆመ። ያን ጊዜ ነው እንኳን ደስ ያለህ ያሉት።

«ሹመት ሊሰጡት መጥተው ምን አስደነገጠው?» አልኳት።

«ኢትስ ጀስት ኤ ዲቴል፣ ማሚ።»

ዲቴል አይደለም፣ የሆነ ነገር አለው ብዬ ተኛሁ። ምን እንደሆነ ግን አልመጣልኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የባሰ ይዛ መጣች። ሮማዊው ካረጀ በኋላ እንደገና ተጠራ። ያን ጊዜ ረሃብ ነበር። አንድ ባለጸጋ ከገዛ ገንዘቡ ስንዴ እየገዛ ለድሀው ያከፋፍላል። «ይሄ ሰው ሊነግሥብን ነው» ተብሎ ተጠረጠረ። ሽማግሌው ሮማዊ ያን ሁሉ ሥልጣን በድጋሚ ይዞ ባለስንዴውን አስጠራው፤ ሰውዬው ፈርቶ ሲሸሽ የሽማግሌው ምክትል መንገድ ላይ ገደለው። ሽማግሌውም ምክትሉን «አበጀህ» አለው።

«በጥርጣሬ ብቻ?» አልኳት።

«በጥርጣሬ ብቻ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እኔ ባጅ ነው የምጠይቀው!» ብዬ ጮህኩባት። ሳቋ 880ን ሞላው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ተምሬ ወጣሁ። የለቀቀ ሽማግሌን መልሶ መጥራት ጣጣ አለው አልኩ በልቤ።

ጣጣው ሩቅ አልነበረም። ከጋሼ በኋላ የተመረጠው ሰው ሁለት ስብሰባ ሳይመራ ጉድ ፈላ። በአንድ ለቅሶ ላይ የሳን ሆዜዎቹ የራሳቸውን ድስት ይዘው መጥተው ለብቻቸው ተቀመጡ፤ የኛዎቹ ለብቻ። ሐዘንተኛዋ መሐል ቆማ ከማን ወጥ እንደምትቀምስ ግራ ገባት። በሚቀጥለው ስብሰባ መሰዳደብ ሆነ፤ አዲሱ ሊቀመንበር ማኅተሙን ጥሎ ወጣ። ኮሚቴው «ጋሼን ሄደን እንለምን» አለ። ብቻዬን ተቃወምኩ። ማን ሰምቶኝ! እንግዲያውስ እኔም አብሬ ሄጄ ዓይናቸውን አያለሁ አልኩ።

ሰዓት መምረጥ አቃተን። አንዷ አባል ነርስ ናት፣ ሌሊት ሠርታ ሊነጋጋ ሲል ነው የምትወጣው። አንዱ የወሎ ሰው ነው፣ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ካላገኘነው ቀኑን ሙሉ አናገኘውም። ትልቁ ሽማግሌያችን ከዚያው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። እኔ ፈረቃዬ ረፋዱ ላይ ይጀምራል። ለሁላችን የምትመች አንዲት ሰዓት ተገኘች፦ ቅዳሜ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ። እኔማ «ወደ ሳን ሆዜ ሳይወጡ እንይዛቸዋለን» ብዬ ደስ አለኝ።

ጎሕ ሲቀድ ዩኒየን ሲቲ ደረስን። መኪኖቻችንን ከቤቱ ፊት አስከትለን አቆምን። ሽማግሌው ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ነርሷ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ደም መስሏል። በጎን በር ገባን። ጋሼ በዚያ ሰዓት ተነሥተው ጎመኑን ውሃ ያጠጣሉ።

አዩን። የውሃው ጎማ ከእጃቸው ወደቀ፤ መሬቱ ላይ ብቻውን ይረጫል።

«ደህና ናችሁ? ምነው? ደህና ነው?» አሉ።

እኛ ዝም። ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም፤ ሽማግሌው ደግሞ ነገር ሲጀምሩ ጉሮሮአቸውን ሳይጠርጉ አይሆንላቸውም። ጠርገው ጠርገው «እስቲ ይግቡ፣ ብርድ ነው፣ ጋቢዎን ይደርቡና ቁጭ ይበሉ» አሏቸው።

ያን ጊዜ የሮማዊው ድንጋጤ ገባኝ። በስመ አብ! እኛ መርዶ ነጋሪዎቹ ነን እኮ! በዚህ አገር ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው ሥራ ሳይሄድ፣ በጎሕ፣ ተሰብስበን በሩን የምናንኳኳ እኛው። «ቁጭ በል» የሚሉት እኚሁ ሽማግሌ። ነጠላ የሚያጣፉት እኚሁ። ስንት ቤት እንዲህ ገብተናል! ያንን ሁሉ ረስተን፣ ልጁ የጠፋበት አባት ላይ በጎሕ መጣን። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ።

እትዬ ብቅ አሉ። ነጠላውን አዩ። «ልጄን! ልጄን! ወይኔ ልጄን!» ደረታቸውን ደቁ። ጩኸታቸው ሰፈሩን አናጋው።

ጋሼ አልጮኹም። ሽማግሌውን ትኩር ብለው አዩና «የት አገኙት?» አሉ። «በየጣቢያው ፈለግኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ የማልሄድበት ጋራዥ የለም። የት ነበር?»

የወሎው ሰውዬ ነው ያዳነን። «ወላሂ ደህና ነው! ጋሼ፣ ወላሂ ማንም አልሞተም! ለወንበር ነው የመጣነው! ለሊቀመንበርነት!» እያለ እጃቸውን ይዞ ነቀነቃቸው። ጋሼ የሰሙት ቆይቶ ነው። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ፣ ጎመኑ መሐል ቁጭ አሉ። ነርሷ እትዬን አቅፋ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው፤ እኔ ውሃውን ሄጄ ዘጋሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ሽማግሌው ይቅርታ ጠየቁ፤ ከመጡ አይቀር ግን ስለ ወንበሩም ለመኑ። ጋሼ ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ። ምን ሊሉ እንደሆነ አፍ አፋቸውን ሳይ በሩ ላይ ሌላ ጩኸት ተነሣ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ታጥቃ፣ «ጋሼዬ! አባታችን! ማን አለን ከእንግዲህ!» እያለች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ ትገባለች። ጎመኑ መሐል ቆመው አየቻቸው። ድርቅ አለች።

«ግቢ ግቢ» አሏት ጋሼ። «አልሞትኩም።»

መንገዱ ጫፍ ላይ አንዲት ያገራችን ሰው ትኖራለች። የኮሚቴውን መኪኖች አይታለች፣ ነጠላውን አይታለች፣ የእትዬን ጩኸት ሰምታለች። ለኛ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ስልኳን አንሥታ «ጋሼ ቤት ለቅሶ አለ» አለች። ያቺ የሰማችው ደግሞ «ጋሼ ዐረፉ» አደረገችው። ፀሐይ ሳትሞቅ ሰው ይጎርፍ ጀመር፤ ውሃ በካርቶን፣ ወጥ በድስት፣ ወንበር በመኪና። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የገባውን ሁሉ «ማን ነገረሽ? አንተስ ከማን ሰማህ?» እያልኩ እመረምራለሁ። ልማድ ነዋ! እውነቱን ልናገርና ለአፍታ «ጋሼ ራሳቸው ያቀናበሩት ይሆን?» ብዬም አስቤአለሁ። ግን ጭቃ ላይ ሲቀመጡ ያየሁትን ሰው እንደዚያ ማለት ለኔም ከበደኝ።

የሳን ሆዜዎቹም መጡ፤ እኛ ላይ ከተሳደቡት ይበልጥ ያለቀሱት እነሱ ናቸው። ጋሼ እየተቀበሉ «ኑ፣ ተዝካሬን አብረን እንብላ» ይላሉ። ሰው በሳቅና በእንባ መሐል ሆኖ የሚያደርገውን አጣ። ስለ ወንበሩ መልስ አልሰጡንም፤ እስከ ዛሬም አልሰጡንም። ወንበሩን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ምን እንደሚያስብ እየተከታተልኩት ነው።

ሥራ ቦታ ደውዬ እንደማልገባ ነግሬ ስመለስ፣ አንድ መኪና መንገዱ መሐል ሲጢጥ ብሎ ቆመ። በሩን ከፍቶ እንደተወው አንድ ወጣት ወርዶ ሮጠ። ሰማያዊ የጋራዥ ቱታ ለብሷል፤ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ ነው። «ባጅህን» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ አወቅሁት። ከዚህ ዓመት በፊት አማርኛ ስናናግረው በእንግሊዝኛ የሚመልስልን ልጅ፣ «አባዬን! አባዬን!» እያለ ሰዉን ገፍቶ ገባ። ለካ ሳን ሆዜ ነበር። የድሮ ጓደኛው ፌስቡክ ላይ «ስለ አባትህ ሶሪ» ብሎ ጽፎለት ነው።

ጋሼ ከሰዎች መሐል ብድግ አሉ። ልጁ ሲያያቸው ቆመ። ጋሼ ቀረቡትና ግሪስ የለበሰ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ አገላብጠው አዩት። የት ነበርክ ይሉታል ብዬ ጠበቅኩ።

«መኪናህን መንገድ መሐል ነው ያቆምከው» አሉት። «ቲኬት ይለጥፉብሃል።»

«ሞተ አሉኝ፣ አባዬ። ሞተ አሉኝ እኮ።»

«ቁልፉን ስጠኝ፣ እኔ አስገባዋለሁ። አንተ እናትህ ዘንድ ግባ።»

ልጁ ቁልፉን ሰጥቶ ገባ። ከውስጥ የእትዬን እልልታ ሰማን፤ እልልታ ይሁን ለቅሶ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ጋሼ ወጡና የልጁን መኪና ከቤታቸው ጋራዥ በር ፊት ጥግ ድረስ አስገብተው አቆሙ። ወርደው በዙሪያው ዞሩ። እኔን ጠሩኝ።

«ያንቺ መኪና የቱ ናት?»

«ያቺ ነጯ።»

«አምጪና ከዚህ ኋላ አቁሚልኝ። ጠጋ አድርገሽ።»

«ጋሼ፣ እንደዚያ ከሆነ እኮ መውጣት አይችልም» አልኳቸው።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አሉኝ።

ዓይናቸውን አየሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጠረጥርበት ነገር አልፈለግኩም። መኪናዬን አመጣሁና የልጁ መኪና እስኪነካ ድረስ ጠጋ አድርጌ አቆምኩ። ቁልፌን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፣ ማንንም ሳልሰናበት እስከ ባቡር ጣቢያው በእግሬ ሄድኩ፤ ኦክላንድ በባቡር ገባሁ።